«ተረቴን መልሱ»፦ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና የስደት ልጆቻችን

በውጭ አገር ስለሚያድጉ ልጆቻችን ቋንቋ ያልተባለ ነገር የለም። በየማኅበሩ፣ በየቤተ እምነቱ፣ በየሠርጉና በየለቅሶ ቤቱ «ልጆቹ አማርኛውን ጣሉት» የሚለው እሮሮ ይሰማል። መፍትሔው ሲነሣም የቅዳሜ ፊደል ክፍል፣ የእረፍት ጊዜ የአገር ቤት ጉዞ፣ ሰሞኑን ደግሞ በስልክ የሚጫን የፊደል ማስተማሪያ ይጠቀሳል። በዚህ ሁሉ ክርክር መካከል ስሙ እምብዛም የማይነሣ አንድ ተቋም አለ። በየሰፈራችን የተተከለ፣ በምንከፍለው ግብር የሚተዳደር፣ ለሕፃኑም ለጎረምሳውም ያለ ክፍያ በሩን የሚከፍት ነው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትን ማለቴ ነው።

እርግጥ ነው፣ ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ወደ ላይብረሪ እንወስዳለን። የምንወስዳቸው ግን በአመዛኙ ለሁለት ጉዳይ ነው፤ ለቤት ሥራና ለፈተና ዝግጅት። ቤተ መጻሕፍቱ ለልጆች ያዘጋጃቸው የተረት ሰዓት፣ የሰመር ንባብና የወጣቶች ክፍል ምን እንደሚሠሩ፣ ምን እንደሚጎድላቸው፣ የእኛስ ድርሻ ምን እንደሆነ ቁጭ ብለን የመረመርንበት ጊዜ ትንሽ ነው። በበኩሌ ይህን ምርመራ መጀመር ያስፈልጋል ባይ ነኝ።

ሙያዬ ምህንድስና ስለሆነ ጥያቄዬም ከዚያው የመጣ ነው። አንድ ማሽን ጥሩ ነው የሚባለው ብዙ ስለሚጎርስ ሳይሆን በሌላው ጫፍ በሚያወጣው ነገር ነው። የልጆች ፕሮግራም መለኪያም ይኸው መሆን አለበት። ይህን መለኪያ ደግሞ ከምህንድስና መጽሐፍ መዋስ አያስፈልገንም። በአገራችን ተረት ነጋሪው ሲጀምር «ተረት ተረት» ይላል፤ ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይቀበሉታል። ሲጨርስ ደግሞ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። ልብ በሉ፤ ተረቱ ብድር ነው። የሰማ ልጅ ነገ ተራው ሲደርስ መንገር ይጠበቅበታል። ስለዚህ የቤተ መጻሕፍትን የልጆች ፕሮግራም ስመዝን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ፕሮግራም ተረት የሚመልስ ልጅ ያፈራል ወይስ ሰምቶ የሚሄድ ብቻ?

በሩን ማን ከፈተው?

(ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ልጆችን አያስገቡም ነበር። አን ካሮል ሙር የተባሉ ባለሙያ በ1896 ብሩክሊን በሚገኘው የፕራት ተቋም ቤተ መጻሕፍት የልጆችን ክፍል ሲረከቡ፣ ለልጅ ቁመት የተሠራ ወንበርና ጠረጴዛ ያለበት ክፍል ራሱ አዲስ ነገር ነበር። እኚህ ሴት በ1906 የኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች አገልግሎት ኃላፊ ሆኑና ተረት መንገርን የቤተ መጻሕፍት መደበኛ ሥራ አደረጉት።

በሩ ግን ለሁሉም አልተከፈተም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነሐሴ 21 ቀን 1939 አምስት ጥቁር ወጣቶች አንድ በአንድ ወደ ከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ገብተው የመዋሻ ካርድ ጠየቁ። ሲከለከሉም ከመደርደሪያው መጽሐፍ አንሥተው በየጠረጴዛው ተቀምጠው በጸጥታ ማንበብ ጀመሩ። ፖሊስ ተጠርቶ ታሰሩ። ነገሩን ያቀነባበረው ሳሙኤል ታከር የተባለ የ26 ዓመት ጠበቃ ነበር። የከተማዋ መልስ በ1940 ለጥቁሮች ብቻ የሚሆን ሌላ ቤተ መጻሕፍት መሥራት ሆነ፤ ታከር ግን የዚያን ቤተ መጻሕፍት ካርድ አልቀበልም አለ። ያኔ አምስቱ የታሰሩበት ቤት ዛሬም የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ቅርንጫፍ ነው። የእኛ ልጆች በነፃነት የሚገቡበት በር የተከፈተው በሌሎች ዋጋ ነው ስል ይህን ማለቴ ነው።

የፖርቶ ሪኮዋ ሴት ትምህርት

ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው ታሪክ ግን የፑራ ቤልፕሬ ነው። ከፖርቶ ሪኮ የመጡት ቤልፕሬ በ1921 በኒው ዮርክ ሃርለም፣ በ135ኛው መንገድ ቅርንጫፍ ተቀጠሩ። መደርደሪያዎቹን ቢያገላብጡ ከአያታቸው የሰሟቸው የአገራቸው ተረቶች አንዳቸውም የሉም። ምን አደረጉ? አቤቱታ ጽፈው አልተቀመጡም። ተረቶቹን በቃል ይነግሩ ጀመር፤ በስፓኒሽም በእንግሊዝኛም። በገዛ እጃቸው አሻንጉሊት ሠርተው ያጫውቱ ነበር። በ1929 ወደ 115ኛው መንገድ ቅርንጫፍ ሲዛወሩ የሕዝባቸውን በዓል፣ የሦስቱን ነገሥታት ቀን፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አከበሩ። በቃል ሲነግሩት የኖሩትን የበረሮዋንና የአይጡን ተረት በ1932 መጽሐፍ አድርገው አሳተሙት። ከ1996 ጀምሮ በስማቸው ለላቲኖ የልጆች መጻሕፍት ደራስያንና ሠዓሊዎች ሽልማት ይሰጣል።

ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ተረት፣ ቀጥሎ ታዳሚ፣ በመጨረሻ መጽሐፍ። እኛ ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው እንጀምርና «የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ የለም» ብለን እዚያው እንቆማለን።

የእኛም ቤልፕሬ አልጠፋም። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ ለልዩ ልዩ ቋንቋ ተናጋሪ ልጆች መጽሐፍ የማዘዝ ኃላፊነት ነበረባቸው። በአማርኛ የሚታዘዝ የልጆች መጽሐፍ ሲያጡ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅተው በ2002 አሳተሙ። ከዚያም አገር ቤት ተመልሰው በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በሐዋሳም በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሥራ አስጀመሩ። በ2008 ሲኤንኤን ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ ብሎ መርጧቸዋል። አንድ ባዶ መደርደሪያ በትክክለኛው ሰው ዓይን ሲታይ ይህን ያህል ያሠራል።

ፕሮግራሞቹ የት ላይ ይጎድላሉ?

ምስጋናው እንዳለ ሆኖ ትችቱም ይቅረብ። በአካባቢዬ ከማያቸው ሦስት ጉድለቶችን አነሣለሁ።

የመጀመሪያው የቆጠራ አባዜ ነው። የሰመር ንባብ ፕሮግራም መሠረቱ ጠንካራ ነው። ባርባራ ሄንስ የተባሉ የሶሲዮሎጂ ምሁር የአትላንታን ተማሪዎች አጥንተው በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው ወራት ለልጆች የእውቀት እድገት ከማንኛውም የሕዝብ ተቋም ይልቅ ቤተ መጻሕፍት አስተዋጽኦ እንደሚያደርግ አሳይተዋል። በተግባር ግን ፕሮግራሙ በብዙ ቦታ የደቂቃና የመጽሐፍ ቁጥር መሙያ ቅጽ ሆኗል። ልጁ ሃያ መጽሐፍ አነበብኩ ብሎ ያስመዘግባል፣ ሽልማቱን ተቀብሎ ይሄዳል። ምን እንዳነበበ የሚጠይቀው ሰው የለም። የሺካጎ ቤተ መጻሕፍት ይህን አይቶ ይመስላል በ2013 የሰመር ፕሮግራሙን ለውጦ ንባቡን ከምርምርና በእጅ ከመሥራት ጋር ያጣመረው። ትክክለኛው አቅጣጫ ይህ ነው፤ ያነበበ ልጅ አንድ ነገር ሠርቶ እንዲያሳይ መጠየቅ።

ሁለተኛው የአማርኛ የተረት ሰዓትን ይመለከታል። ባለበት ቦታ እንኳ በአብዛኛው ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ነው፤ የሚዘመረውም የእንግሊዝኛው የሕፃናት መዝሙር በአማርኛ ተገልብጦ ነው። ዜማው የእነሱ፣ ቃሉ የእኛ፤ ተረቱ ግን የለም። ጦጣ፣ ጅብ፣ አህያና አንበሳ የሞሉበት ተረት ያለው ሕዝብ ለምን የተውሶ መዝሙር ይተረጉማል? አባባ ተስፋዬ ሳህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአሥርት ዓመታት ልጆችን የያዙት በድምፃቸው፣ በፊታቸውና በእጃቸው ነበር። ከዚህ የሚብሰው ግን ልጁ ስድስት ዓመት ሲሞላው የሚሆነው ነው። ማንበብ ሊጀምር ሲል፣ ተረቱን ሊመልስ ሲደርስ፣ ፕሮግራሙ ያበቃል። ከዚያ በኋላ አማርኛን በቤተ መጻሕፍቱ የሚያገኘው በዓመት አንድ ቀን በሚዘጋጅ የባህል ትርዒት፣ ቡና ሲፈላና ሲጨፈር ነው። በዓመት አንድ ቀን የሚመጣ እንግዳ የቤት ልጅ አይባልም።

ሦስተኛው የወጣቶች ክፍል ነው። ሺካጎ በ2009 በማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ዩሚዲያ የሚባል የወጣቶች ቦታ ሲከፍት ካሜራና ኮምፒውተር ብቻ አላስቀመጠም፤ ግጥም፣ ሙዚቃና ፎቶግራፍ የሚያውቁ አሠልጣኞችንም መደበ። ቻንስ ዘ ራፐር የሚባለው ታዋቂ ሙዚቀኛ በጉርምስናው ግጥሙን ለሰው ያሰማ ከነበረባቸው መድረኮች አንዱ ያ ነው። ዋሽንግተን ዲሲም በ211 ሚሊዮን ዶላር አድሳ በ2020 የከፈተችው የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት የወጣቶች ክፍልና የመሥሪያ ቤተ ሙከራዎች አሉት። ነገር ግን በየትንንሹ ቅርንጫፍ የሚከፈቱት ብዙዎቹ ክፍሎች ከዚህ የወረሱት ዕቃውን ብቻ ነው። አሠልጣኝ የሌለው ስቱዲዮ የጌም መጫወቻ ሆኖ ይቀራል። እኛ መሐንዲሶች ይህን እናውቀዋለን፤ ማሽን መግዛት ቀላል ነው፣ የሚያሠራ ሰው ማስቀመጥ ነው ከባዱ።

የእኛስ ድርሻ?

ቤተ መጻሕፍቱን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። የመደርደሪያ አሠራር ቀላል ሕግ አለው። የሚዋሱት መጽሐፍ ይበዛል፤ ለዓመታት ማንም ያልተዋሰው ይወገዳል። የአማርኛ መጽሐፍ ተገዝቶ ገብቶ ሳንዋሰው ሲቀር ኮምፒውተሩ «ፈላጊ የለውም» ብሎ ይመዘግባል። በሚቀጥለው ዓመት አይገዛም። ከዚያ «ለእኛ ቦታ አይሰጡንም» እንላለን።

እርግጥ ነው፣ ፈላጊውን የሚሰውር ቴክኒካዊ እንቅፋትም አለ። ቤተ መጻሕፍት ለረጅም ዘመን የተገለገሉበት የካታሎግ ፊደል ኮድ የግዕዝን ፊደል አያካትትም ነበር። ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው። ስለዚህ ብዙ የአማርኛ መጻሕፍት የተመዘገቡት በላቲን ፊደል፣ ነጥብና ሰረዝ በተደረበባቸው ሆሄያት ነው። አንዲት እናት በአማርኛ ጽፋ ብትፈልግ መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ እያለ «አልተገኘም» የሚል መልስ ልታገኝ ትችላለች። ይህ ግን የሚታረም ነገር ነው። በመካከላችን ስንት የሶፍትዌር ባለሙያ አለ? ርእሶቹን በፊደላችን ጽፎ ለቅርንጫፉ ማቅረብ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። መጽሐፍ ይገዛ ብሎ ማመልከት በሁሉም ቤተ መጻሕፍት ማለት ይቻላል የተፈቀደ ነው። የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ በ2004 ከወጣ ወዲህ አማርኛ ቁልፍ የመንግሥት ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል፤ ይህም የመጣው ሰው ስለጠየቀ ነው።

መጠየቁም ጊዜ የማይሰጥ ሆኗል። በመጋቢት 2025 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሙዚየሞችና የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ተቋምን ሕግ እስከፈቀደው ድረስ እንዲቀነስ አዘዙ። በብዙ ግዛቶች የሰመር ንባብን የሚደግፈው ገንዘብ የሚያልፈው በዚህ ተቋም በኩል ነው። 21 ግዛቶች ከሰሱ፤ በግንቦት የፌዴራል ዳኛ አገደው። ገንዘብ ሲያንስ መጀመሪያ የሚቆረጠው ተጠቃሚው ድምፁን ያላሰማበት ፕሮግራም ነው። የአማርኛ የተረት ሰዓት ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ እያንዳንዳችን እናውቃለን።

ምን ይደረግ?

በእኔ እምነት የሚያስፈልገው አዲስ ድርጅት ማቋቋም አይደለም፤ ድርጅት ሞልቶናል። የሚያስፈልገው የተበጠሰውን መሥመር መቀጠል ነው። በየቅርንጫፉ ሁለትና ሦስት ወላጆች ሆነን ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላሉ ልጆች በወር አንድ የአማርኛ ተረት ሰዓት እንጠይቅ። ተረቱን የሚነግሩት ከአገር ቤት መጥተው ቤት ውስጥ ተዘግተው የሚውሉት እናቶቻችንና አባቶቻችን ይሁኑ። ቴሌቪዥን ፊት የሚውሉት እኚህ ሰዎች ትልቁ ሀብታችን ናቸው። ጎረምሶቹ ደግሞ በወጣቶች ክፍል ስቱዲዮ የአያቶቻቸውን ተረት ይቅረጹ፣ በእንግሊዝኛ ይተርጉሙ፣ ሥዕል ይሥሩለት። ለዚህ የሚሰጣቸውን የበጎ ፈቃድ ሰዓት ትምህርት ቤታቸው ሊቆጥርላቸው ይችላል፤ ለኮሌጅ ማመልከቻም ይጠቅማል፤ ይህን የምለው ወላጆች ምን እንደምንወድ ስለማውቅ ነው። በመጨረሻም ትንንሾቹ ፊት ቆመው ራሳቸው ይንገሩት።

የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ የአያቷን የጅብ ተረት በተሰባበረ አማርኛዋ ለአምስት ዓመት ሕፃን ስትነግር፣ ያ ፕሮግራም ሠርቷል ማለት ነው። ስንት ሰው ተገኘ የሚለው ሰንጠረዥ ይህን አይመዘግበውም። ተረቱ ግን ተመልሷል። ዳቦው የእኛ ዕዳ ነው።

ቸር ይግጠመን።