የጋሊሊዮ ክህደት በሦስት ፍርድ

በዓለም ታሪክ ውስጥ በአንድ ሰው ሕይወት ተጀምረው በሰውየው ሞት የማይዘጉ ጥያቄዎች አሉ። እውነትን ያወቀ ሊቅ ሥልጣን ሲያስፈራራው ያወቀውን ቢክድ፣ በክህደቱም ባተረፈው ዕድሜ ሥራውን ከፍጻሜ ቢያደርስ፣ ኅብረተሰቡ ሊያመሰግነው ይገባል ወይስ ሊወቅሰው? ጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት ቤርቶልት ብሬሽት «የጋሊሊዮ ሕይወት» በተባለው ተውኔቱ ለዚህ ጥያቄ በተለያየ ጊዜ የተለያየ ፍርድ ሰጥቷል። ተውኔቱን ሦስት ጊዜ ጽፎታል፤ ታሪኩ በመሠረቱ ያው ሲሆን የተለወጠው ብያኔው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ብያኔው ለምን እንደተለወጠ መመርመርና ተውኔቱ ራሱ፣ አንዳንዴም ከደራሲው ፈቃድ ውጭ፣ የሚመሰክረውን ማመልከት ነው።

በቅድሚያ ታሪኩን ባጭሩ እናስታውስ፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ጋሊሊዮ ጋሊሌይ በ1564 በፒሳ ከተማ ተወለደ። በ1609 ከሆላንድ ወሬው የደረሰውን የሩቅ ማያ መነጽር አሻሽሎ ወደ ሰማይ አነጣጠረ፤ በ1610 ጁፒተርን የሚዞሩ አራት ጨረቃዎች ማየቱን በመጽሐፍ ገለጸ። ሰማያዊ አካላት ሁሉ መሬትን ብቻ ይዞራሉ የሚለው የቆየ እምነት በዚሁ ተናጋ። በ1616 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መሬት ፀሐይን ትዞራለች የሚለውን የኮፐርኒከስን ትምህርት አወገዘች። ጋሊሊዮ በ1632 ያሳተመው የውይይት መጽሐፍ በሃይማኖት መርማሪዎች ችሎት ፊት አቆመው፤ ጁን 22 ቀን 1633 በ69 ዓመቱ በሮማ ተንበርክኮ ትምህርቱን ካደ። ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ዘመኑን በፍሎረንስ አጠገብ በአርቼትሪ በቤቱ እንደታሰረ ኖረ። ስለ ቁሶች ጥንካሬና ስለ እንቅስቃሴ የጻፈው ታላቅ መጽሐፍ ግን በ1638 በሆላንድ፣ በላይደን ከተማ ታተመ። ደራሲው በ1642 ዐረፈ። የፈረዱበት ሰዎች መሳሳታቸውን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ በይፋ የተናገሩት ከ350 ዓመት በኋላ፣ በ1992 ነው።

ብሬሽት ተውኔቱን መጀመሪያ የጻፈው በ1938 መጨረሻ፣ ከናዚዎች ሸሽቶ በዴንማርክ በስደት ሳለ ነበር። በዚያን ዘመን በጀርመን እውነትን መናገር የሚቻለው በስውር፣ ከእጅ ወደ እጅ በማቀበል ብቻ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ጋሊሊዮ ብልህ ሽማግሌ ነው፤ በአደባባይ ይክዳል፣ በጓዳ ይጽፋል፣ የጻፈውንም በጠባቂዎቹ ዓይን ሥር ወደ ውጭ ያሾልካል። ክህደቱ የትግል ስልት ሆኖ ይታያል። ተውኔቱም በ1943 በስዊዘርላንድ፣ በዙሪክ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመድረክ በቃ።

ሁለተኛው ጋሊሊዮ የተወለደው በአሜሪካ ነው። ብሬሽት ከታዋቂው ተዋናይ ከቻርልስ ሎተን ጋር ሆኖ ተውኔቱን ወደ እንግሊዝኛ በመመለስ ላይ ነበር። ሎተን ጀርመንኛ አያውቅም፤ የብሬሽት እንግሊዝኛም ደካማ ነበር፤ በመሆኑም እያንዳንዱን ቃል በአካል እንቅስቃሴ እየተወኑ ይግባቡ ነበር ይባላል። ሥራው ሳይጠናቀቅ ኦገስት 6 ቀን 1945 በሂሮሺማ ላይ የአቶም ቦምብ ተጣለ። የዘመናዊው ፊዚክስ አባት የሕይወት ታሪክ በአንድ ቀን ሌላ ትርጉም አገኘ። ጁላይ 30 ቀን 1947 በሎስ አንጀለስ፣ በኮሮኔት ቲያትር በቀረበው ተውኔት ጋሊሊዮ ብልህ ሽማግሌ መሆኑ ቀርቶ የራሱ ከሳሽ ሆነ። ብሬሽት በ1956 እስኪሞት ድረስ በበርሊን ያዘጋጀው የነበረው ሦስተኛው ጽሑፍ ይህንኑ ክስ ይበልጥ አክርሮታል። በመጨረሻው ታላቅ ንግግሩ ጋሊሊዮ ዕውቀቱን ለባለሥልጣናት አሳልፎ መስጠቱን፣ ሐኪሞች እንደሚገቡት ዓይነት መሐላ ለሳይንስ ሰዎች ሊኖር ይችል እንደነበርና ያ ዕድል በእርሱ ምክንያት መክሸፉን ይናዘዛል።

እዚህ ላይ ነው ከደራሲው ጋር የማንስማማው። በመጀመሪያ ነገሩ ከራሱ ከብሬሽት የቲያትር ትምህርት ጋር ይጋጫል። ተመልካች በስሜት ተነድቶ እንዳይፈርድ፣ የሚያየውን ከርቀት ሆኖ እንዲመዝን ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረ ሰው፣ በዋናው ፍርድ ላይ ሲደርስ ሚዛኑን ከተመልካቹ እጅ ወስዶ ለተከሳሹ ያስረክበዋል። ተከሳሹ ራሱን ከወቀሰ ለአዳራሹ ምን ይቀረዋል? ተናዛዥን ማዘን እንጂ መክሰስ ከባድ ነው። ጋሊሊዮ እንዳይታዘንለት አጥብቆ የተመኘው ብሬሽት፣ ባሰማው ውብ ኑዛዜ ያንኑ ኀዘኔታ ጠርቶበታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የምሳሌው ነው። ጋሊሊዮ በፍርሃት ዝም ያለ ሰው ነው። የአቶም ቦምብ የሠሩት ሊቃውንት ግን ስለ ሥራቸው ማንም የማሰቃያ መሣሪያ አላሳያቸውም። ብዙዎቹ ሂትለር ቀድሞ ይሠራዋል ብለው ፈርተው በፈቃዳቸው ገቡበት። ጀርመን ቦምቡን እንደማትሠራ ሲረዳ በ1944 መጨረሻ ሥራውን ጥሎ የወጣው ጆዜፍ ሮትብላት ነበር፤ የቀሩት ቀጠሉ። ኦፐንሃይመርም በ1954 ቀርቦ የተመረመረውና የምሥጢር ፈቃዱን የተነጠቀው ቦምቡ ከተጣለ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። የአንዱ በደል መካድ ነው፤ የሌሎቹ ጥያቄ መሥራት ነው። ሁለቱን በአንድ ገመድ ማሰር ለሁለቱም ፍትሕ አይሰጥም። በዚያም ላይ የችሎት፣ የመንግሥትና የገንዘብ ኃይል የተባበሩበትን ነገር በአንድ ዓይነ ስውር ሊሆን በተቃረበ ሽማግሌ ትከሻ ላይ መጫን፣ ታሪክን የግለሰቦች ሥራ አድርጎ የማየት የቆየ ልማድ ነው። ብሬሽት ደግሞ ይህን ልማድ ከማንም ይበልጥ የተዋጋ ደራሲ ነው።

ስለ ደራሲው ሕይወትም አንድ ነገር ማስታወስ አይከፋም። ኦክቶበር 30 ቀን 1947 ብሬሽት በዋሽንግተን በምክር ቤቱ የፀረ አሜሪካ ድርጊቶች መርማሪ ኮሚቴ ፊት ቀረበ፤ ለጥያቄዎቹ በዘዴ እየመለሰ ወጣ፤ በማግስቱም ወደ አውሮፓ በረረ። በ1953 የበርሊን ሠራተኞች አመፅ ጊዜ ለገዢው ፓርቲ መሪ ከጻፈው ደብዳቤ ጋዜጣው ያተመው የታማኝነት ቃል ያለበትን መጨረሻውን ብቻ ነበር። ይህን የምናነሣው ለወቀሳ አይደለም። ሦስተኛውን ጋሊሊዮ የጻፈው እጅ የመጀመሪያውን ጋሊሊዮ ኑሮ በሚገባ ያውቅ እንደነበር ያመለክታል፤ የንግግሩ ምሬትም ምናልባት ከዚህ ይመነጫል።

ታዲያ ጋሊሊዮ የበደለው ማንን ነው? መልሱ በኑዛዜው ውስጥ ሳይሆን ብዙ አዘጋጆች በጥድፊያ በሚያልፏቸው ትንንሽ ትዕይንቶች ውስጥ ይገኛል። በጋሊሊዮ ቤት ፌደርዞኒ የሚባል የመነጽር መስታወት የሚያለሰልስ ሠራተኛ አለ። ላቲን አያውቅም። ሊቃውንቱ በላቲን ሲከራከሩ ጋሊሊዮ ባልደረባው እንዲገባው በሕዝቡ ቋንቋ እንዲናገሩ ይጠይቃል፤ እነርሱ ደግሞ ክርክሩ ክብሩን ያጣል ብለው ያጉረመርማሉ። ይህ የደራሲ ፈጠራ ብቻ አይደለም፤ እውነተኛው ጋሊሊዮም የ1632ቱን መጽሐፍ የጻፈው በላቲን ሳይሆን በጣሊያንኛ ነው። የሊቃውንት ቋንቋና የሕዝብ ቋንቋ መለያየት ምን ማለት እንደሆነ ግዕዝን ከአማርኛ ጎን ለጎን ይዞ ለኖረ አንባቢ ማስረዳት አያሻም።

በገበያ ትዕይንቱም አዝማሪና ሚስቱ የጋሊሊዮን ትምህርት በዘፈን ያሰማሉ። ሕዝቡ ስለ ከዋክብት ሒሳብ ግድ የለውም፤ የገባው ግን ዋናው ነው፤ መሬት ከመሃል ከተነሣች ጌታና ሎሌም ቦታቸው ላይ ላይቆዩ ይችላሉ። ይህን ከሕዝቡ እኩል የተረዳው መርማሪው ካርዲናል ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባኖስ ስምንተኛ ልብሰ መንግሥታቸውን አንድ በአንድ ሲለብሱ የሚታዩበት ትዕይንት የተውኔቱ ምርጥ ክፍል ነው። ያልለበሱት ሰው የሒሳብ ሊቅ ናቸው፤ ጋሊሊዮን አልነካም ይላሉ። ልብሱ በጨመረ ቁጥር ሊቁ እየጠፋ ሥልጣኑ ይናገራል። መርማሪውም በአዲሱ ትምህርት የተሠሩት የኮከብ ካርታዎች ለመርከበኞች እንዲያገለግሉ፣ ትምህርቱ ግን እንዲወገዝ ይመክራል። ነጋዴው ካርታውን ያግኝ፤ ገበሬው ጥያቄውን አያግኝ። በዚህ ስምምነት ፊዚክስ አልተጎዳም፤ መጽሐፉም ላይደን ደርሷል። የተጎዳው ዕውቀት ከፌደርዞኒና ከገበያው ጋር ገና የጀመረው ወዳጅነት ነው።

የክህደቱ ቀን ትዕይንትም ከዚህ አንጻር ሲታይ ጥልቀቱ ይገለጣል። ብሬሽት ጋሊሊዮን በችሎት ፊት አያሳየንም፤ የሚያሳየን በአትክልቱ ቦታ የሚጠብቁትን ደቀ መዛሙርቱን ነው። በ11 ሰዓት ደወል ከተደወለ መምህሩ ክዷል ማለት ነው። ሰዓቱ ይደርሳል፤ ደወል የለም። ይተቃቀፋሉ፣ ያለቅሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ደወሉ ይጮኻል። በተዋናዮች ትንፋሽ ብቻ የሚያዝ እንዲህ ያለ ጸጥታ በዘመናዊ ተውኔት ጥቂት ነው። ጋሊሊዮ ሲገባ አንድሬያ የተባለው ወጣት ይሰድበዋል፤ ፌደርዞኒ ግን የተማረው ሁሉ ከዚያ በኋላ እንደማይቀጥል በኑሮው የሚያውቅ ሰው ነው። አዘጋጁ ዓይናችንን በአንድሬያ ላይ ብቻ ካሳረፈ የምናየው የተናደደ ተማሪ ነው፤ በፌደርዞኒ ላይ ካሳረፈ የምናየው የተዘጋ በር ነው። በመጨረሻም አንድሬያ መምህሩን ይቅር ሲል ፌደርዞኒ በቤቱ የለም፤ በሚላኖ መስታወቱን ወደ ማለስለስ ሥራው መመለሱን በወሬ ብቻ እንሰማለን። ይቅርታውን ማን ጠየቀው?

አንዳንድ አዘጋጆች ቆርጠው የሚያወጡት የመዝጊያ ትዕይንት አለ። አንድሬያ የመምህሩን ጽሑፍ ደብቆ የጣሊያንን ድንበር ይሻገራል። በድንበሩ ያሉ ሕፃናት በአንዲት አሮጊት ቤት ጠንቋይ አለች እያሉ ይጯጯኻሉ። አንዱን ልጅ አንሥቶ በመስኮት ያሳየዋል፤ ልጁ የሚያየው ገንፎ የምታበስል ሴት ነው። አንድሬያ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል፤ ልጁም ከኋላው ጠንቋይ ናት ብሎ መጮኹን ይቀጥላል።