ባሕር የሌለበት የጠላቂ ሰዓት

ደባርቅ ላይ የጠላቂ ሰዓት እጁ ላይ ያሰረ ሰው "የት ልትዋኝበት ነው?" መባሉ አይቀርም። ነገሩ እውነት አለው። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ስሜን ተራሮች ላይ ያለው ጨነቅ ካምፕ ደግሞ 3,600 ሜትር ላይ ነው። 200 ሜትር ውኃ ውስጥ እንዲገባ የተሠራ ብረት እዚህ ምን ይሠራል? እኔ ግን እንዲህ ያለውን ሰዓት እንደ ስሜን የሚፈትነው ቦታ አላውቅም። ጨነቅ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ ታግለዋለች፤ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከገደሉ ተነሥቶ ይውጠዋል፤ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጎሚኒው የደረቀ ሰዓት በዚህ መሀል ገመናውን መሸሸግ አይችልም፤ መስታወቱ ከውስጥ ያልበዋል።

እኔ የምሰበስበው ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩትን የስዊዝ ኳርትዝ ጠላቂዎች ነው፤ ከሁሉም የሆየርን 1000 ተከታታይ እወዳለሁ። ሀብታም ሰብሳቢ ይንቃቸዋል፤ "ባትሪ ነው" ይላል። ንቀቱ ከታሪክ የመጣ ነው። የጃፓኑ ሴይኮ በታኅሣሥ 1969 አስትሮን የተባለውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ገበያ ላይ አወጣ። ስዊዞችም በማግሥቱ ዓመት ቤታ 21 የተባለውን ማሽናቸውን ይዘው ቀረቡ፤ ርካሹን ገበያ ግን አልደረሱበትም። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ከሰዓት ሠራተኞቻቸው አብዛኛው ሥራውን አጣ። ሆየርም ራሱ በ1985 ለቲ.ኤ.ጂ. ኩባንያ ተሸጦ ታግ ሆየር ሆነ። ገጹ ላይ "ሆየር" ብቻ ከተጻፈ ከሽያጩ በፊት የወጣ ነው፤ "ታግ" ካለበት ከዚያ በኋላ ነው። ገጹ ታግ ብሎ ክዳኑ ሆየር ብቻ ካለ፣ ሁለት ሰዓት አንድ ላይ ተሰፍቶ ሊሆን ስለሚችል ሻጩን ጠይቀው።

  

ወደ ብረቱ ልመለስ። መጀመሪያ የማየው ገጹን አይደለም፤ መሙያውን ነው። የጠላቂ ሰዓት መሙያ ብዙውን ጊዜ እንደ ብሎን የሚጠብቅ ነው። ሲጠብቅ ከተንሸራተተ ወይም ጥርሱን ለመያዝ ካስቸገረ፣ የቀረው ቢያምርም ዋጋውን አወርዳለሁ። መሙያው እኛ አገር ከሌላው ቦታ ይበልጥ ይሠቃያል። ቀን የሚያሳየው ሰዓት እስከ 31 ይቆጥራል፤ የእኛ ወር 30 ነው፣ ጳጉሜን ደግሞ 5 ወይም 6። በፈረንጅ አቆጣጠር የሚጠቀም ሰው በዓመት አምስት ጊዜ ቀኑን ሲያርም፣ በኢትዮጵያ የሚጠቀመው አሥራ ሦስት ጊዜ ያርማል። እያንዳንዱ እርማት መሙያውን መፍታትና ማጥበቅ ነው፤ ጥርሱም ጎሚኒውም ይበላል። ይባስ ብሎ፣ ቆጣሪዎቹ ከ9 እስከ 12 ባለው መሀል ሆነው ቀን መቀየሪያው ሥራ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ቀኑን በእጅ መግፋት ጥርሱን ይሰብራል። ለአስጎብኚዎች የምመክረው፦ ሰዓቱን በፈረንጅ ሙላው፣ የእኛን ሰዓት ከአጭሩ ቆጣሪ ትይዩ አንብብ። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ስለሆነ ትይዩው ዘወትር ልክ ነው።

ከዚያ ክዳኑን እከፍታለሁ። ባትሪው ሥር ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝቃጭ ካለ ፈሷል ማለት ነው። ለዚህ ብዙውን ጊዜ ተጠያቂው ርካሹ የአልካላይን ባትሪ ነው። ቅርጹ አንድ ስለሆነ ይገጥማል፤ ጽሑፉ "ኤልአር" ብሎ ይጀምራል። የሚያስፈልገው ግን "ኤስአር" ብሎ የሚጀምረው፣ 1.55 ቮልት የሆነው የብር ኦክሳይድ ነው። ሰዓቱ ቀጥ ካለ በቴስተር ጥቅል ሽቦውን እለካለሁ። ከ1 እስከ 2 ኪሎ ኦም አካባቢ ካነበበ ሽቦው ደህና ነው፤ ምንም ካላነበበ ተቆርጧል፤ መለዋወጫውንም ደባርቅ አታገኘውም። የሰከንድ ቆጣሪው በአራት ሰከንድ አንዴ ቢዘል ግን አትደንግጥ፤ ብዙ የስዊዝ ማሽኖች ባትሪ ሊያልቅ ሲል እንዲህ ያስጠነቅቃሉ። ይህን የማያውቅ ሻጭ ደህናውን ሰዓት "ተበላሽቷል" ብሎ ይሸጥልሃል፤ እኔም አልከራከርም።

የሚያበራው ነጥብም ይመሰክራል። በገጹ ግርጌ "ስዊዝ ሜድ" ግራና ቀኙ ላይ "ቲ" ካለ ትሪቲየም ነው፤ በ12 ዓመት ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ከአርባ ዓመት በኋላ የሚቀረው ከአሥር አንድ እጅ ያህል ነው። በጨለማ ቦግ ብሎ ከበራ አንድ ሰው አዲስ ቀብቶታል።

ገዢዎች ብዙ ጊዜ "ዘገየብኝ" ብለው ይመጣሉ። የኳርትዙ ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ ልኩ የተሰላው ለ25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ ሲበርድም ሲሞቅም ይዘገያል። ደባርቅ በብርድ ወቅት 5 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ሰዓት በወር ግማሽ ደቂቃ ገደማ ወደ ኋላ ይቀራል። እጅ ላይ ያለው ግን ከሰውነት ሙቀት ስለሚወስድ ልኩን ይጠብቃል። ስለዚህ ሻጭ ሳጥን ውስጥ ያቆየውን ሰዓት በልኩ ማነስ አልኮንነውም፤ ሳምንት አስሬው እፈርዳለሁ።

ውኃ መከላከሉን የምፈትንበት መሣሪያ የለኝም። ሰዓቱን ፀሐይ ላይ ለብ አድርጌ መስታወቱ ላይ የቀዝቃዛ ውኃ ጠብታ አኖራለሁ። ጠብታው ሥር ከውስጥ ጉም ከታየ እርጥበት ገብቷል። ካልታየም አዲስ ጎሚኒ ሳይገባለት ጣና ዳር እንኳ አላወርደውም፤ አርባ ዓመት የቆየ ጎሚኒ ሲነኩት ይፈረፈራል።

ስለ ዋጋ መከራከር ስለምወድ እዚህ ላይ እቆያለሁ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረው ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት በ2015 (እ.ኤ.አ.) ከጨረታ ተነሣ፤ በ2017 ጄኔቭ ላይ ክሪስቲስ የተባለው የጨረታ ቤት ከ2.8 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ በላይ ሸጠው። ያ ዋጋ የባለቤቱም ነው። የእኛ ጠላቂዎች ባለቤታቸው ማን እንደነበር አይታወቅም፤ ስለዚህ ከብረቱ ሌላ የሚከፈልበት ነገር የላቸውም። "ከፈረንጅ አምባሳደር የተገኘ" የሚል ሻጭ ካጋጠመኝ ማስረጃውን እጠይቃለሁ፤ ከሌለው ያንን ወሬ ከዋጋው ላይ እቀንሳለሁ። በሞረድ ተፈግፍጎ ጠርዙ የጠፋ የሚያብለጨልጭ ቀፎና ቡጭርጭር ብሎ መሙያው በወጉ የሚጠብቅ ሰዓት ቢቀርቡልኝ፣ ለሁለተኛው እጨምራለሁ። ጭረት አያስጨንቀኝም፤ የጠፋ ጠርዝ ግን አይመለስም፣ ያለቀ የመሙያ ጥርስ የሚተካልኝም ጎንደር ድረስ ወርጄ ካገኘሁ ነው።