የቴሌስኮፕ መስታወት በትክክል መስተካከሉ እንዴት ይለያል?

ባለመስታወት ቴሌስኮፕ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ትልቁ መስታወት፣ ትንሹ መስታወትና የዓይን ሌንሱ በአንድ የብርሃን መስመር ሲገጥሙ ነው። 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በእንጦጦ የተተከሉት ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ቦታቸውን አይለቁም። ከአስኮ ተጭኖ በቡራዩ በኩል ወደ ሆለታ ጨለማ ፍለጋ የሚሄድ አነስተኛ የኒውተን ቴሌስኮፕ ግን መንገድ ላይ ስለሚናጥ፣ በየምልከታው መፈተሽ ይኖርበታል።

ፍተሻው በቀን ይጀመራል። የዓይን ሌንሱ ወጥቶ መሃሉ የተበሳ ክዳን ይተካል። በቀዳዳው ሲታይ ትንሹ መስታወት ክብ መምሰል፣ ትልቁም ከነመያዣዎቹ በውስጡ መታየት አለበት። አንዱ መያዣ ከተሸፈነ ትንሹ መስታወት ዞሯል ወይም ዘምሟል። ሌዘር ሥራውን ያፈጥናል፤ ሆኖም በዓይን ሌንሱ መግቢያ ውስጥ ሲሽከረከር ነጥቡ ክብ ከሠራ የተንጋደደው ሌዘሩ ራሱ ነው።

የመጨረሻው ዳኛ ኮከብ ነው። የሰሜን ኮከብ ከቦታዋ ስለማትርቅ ለዚህ ትመቻለች ይባላል፤ ከአስኮ ግን ከአድማስ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለምትነሣ በወፍራም አየር ውስጥ ትርገበገባለች። በጥር መገባደጃ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ከአናት አጠገብ የምትደርሰው ቀይዋ ቤተልጁስ ትሻላለች። ኮከቧ በእይታው መሃል ተደርጋ ፎከሱ ጥቂት ሲለቀቅ የብርሃን ቀለበቶች ይታያሉ፤ የትንሹ መስታወት ጥቁር ጥላ በቀለበቶቹ እምብርት ላይ ከተቀመጠ መስታወቱ ተስተካክሏል። ቀለበቶቹ ወደ አንድ ጎን ከተጨናነቁ ወይም ፎከስ ላይ ያለችው ኮከብ ጭራ ካወጣች የትልቁ መስታወት ብሎኖች ይነካሉ።

ጥፋት ሁሉ ግን የአቀማመጥ አይደለም። ባለሦስት ማዕዘን ኮከብ መያዣዎቹ መስታወቱን ማነቃቸውን ያመለክታል። እንደ ፈላ ውሃ የሚንተከተኩ ቀለበቶች መስታወቱ ገና አለመቀዝቀዙን ይናገራሉ። ከፎከስ ወዲህና ወዲያ አቅጣጫውን በ90 ዲግሪ የሚቀይር ሞላላ ቅርጽ ደግሞ ብዙ ጊዜ የመስታወቱ ቅርጽ መዛባት ነው። እነዚህን ብሎን በማዞር ለማዳን የሚሞክር ደህናውንም ያበላሻል።

የሚፈቀደው ስሕተት እንደ ቴሌስኮፑ ይለያያል። የትኩረት ርቀቱ የመስታወቱ ስፋት 8 እጥፍ ከሆነ ጭራ የማይታይበት ክበብ 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 5 እጥፍ ከሆነ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይጠባል።

በመጨረሻ ቱቦው ወደ አድማስ ወርዶ ተመልሶ ሲነሣ ጥላው ከእምብርቱ ካልተናጋ ሥራው ጸንቷል።