ለሞተ አባት የተጻፈ መግቢያ

ስለ ሳራ ኮፒያ ሱላም የሚጽፉ ሰዎች አብዝተው የሚያወሩት ስለ ሳሎኗ ነው። እኛ ሳሎን የምንለው እንግዳ የሚቀመጥበትን ክፍል ነው፤ የሷም ከዚያ ብዙ አይርቅም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቬኒስ ውስጥ፣ አይሁዶች እ.ኤ.አ. ከ1516 ጀምሮ ተለይተው እንዲኖሩበት በታዘዘውና በሩ ማታ ማታ በሚቆለፈው ጌቶ፣ ክርስቲያን ጸሐፊዎች ቤቷ እየመጡ ስለ ግጥምና ስለ ፍልስፍና ይከራከሩ ነበር። ደስ ይላል። ግን ከእንግዶቹ አንዳንዶቹ በኋላ ምን እንዳደረጓት ማየት ያስፈልጋል።

የጄኖቫው ገጣሚ አንሳልዶ ቼባ ቤቷ መጥቶ አያውቅም። ስለ ንግሥት አስቴር የደረሰውን ረጅም ግጥም አንብባ በ1618 ጻፈችለት፤ ከዚያ ለዓመታት ተጻጻፉ። ሰውየው ክርስቲያን ሁኚ እያለ ወተወታት፤ እሷ እምቢ አለች። በ1623 ደብዳቤዎቹ ታተሙ፣ የሱ ብቻ። የሷ ጠፍተዋል። መጽሐፉን ማንበብ ጎረቤት በስልክ ሲጨቃጨቅ ከግድግዳ ወዲህ ሆኖ እንደመስማት ነው።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው «ማኒፌስቶ» የተባለችውን ትንሽ መጽሐፏን ነው። በ1621 ከሳሎኗ ሰዎች አንዱ፣ ባልዳሳሬ ቦኒፋቾ የተባለ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ «የነፍስን ዘላለማዊነት ትክዳለች» ብሎ በመጽሐፍ ከሰሳት። በዚያ ዘመን ይኼ የቀልድ ክስ አልነበረም። እሷም በዚያው ዓመት፣ ሽፋኑ ላይ አይሁዳዊት መሆኗን ጽፋ፣ መልሷን አሳተመች። ክርክሯ ስለታም ነው፤ ፌዟ ደግሞ ይብሳል። ቢሆንም ከሁሉ የሚበልጥብኝ መግቢያው ነው። በዚያ ዘመን ደራሲ መጽሐፉን ሀብትና ሥልጣን ላለው ሰው ማበርከቱ የተለመደ ነበር። ሳራ ግን ያበረከተችው ከዓመታት በፊት ለሞተው አባቷ ለሲሞን ኮፒያ ነው። ነፍስ ከሥጋ ጋር ታልቃለች የሚል ሰው እኮ ለሞተ አባቱ መጽሐፍ አይሰጥም! ክሱ ዋናው ክርክር ሳይጀመር እዚያው መግቢያው ላይ ፈርሷል።

በኋላ መጽሐፉን የጻፈላት መምህሯ ኑሚዲዮ ፓሉዚ ነው ተባለ። ይኼው ሰው ከአገልጋዮቿ ጋር ተመሳጥሮ ንብረቷን ሲዘርፋት የኖረ ነው። እውነት ለመናገር፣ ፍልስፍናውንስ አስተማሪ ሊያግዝ ይችላል እንበል። ያንን መግቢያ ግን ከሲሞን ልጅ በቀር ማን ያስበዋል?