ውሃ በሚሮጥበት ላይ ሰው አይሮጥም

ባለፈው መስከረም የተራራ ሩጫ የሚያዘጋጁ ልጆች ከደብረ ሲና በላይ ያወጡትን አዲስ መንገድ እንድመለከትላቸው ይዘውኝ ወጡ። መንገዱ ከጅረቱ ተነስቶ በአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ውስጥ 400 ሜትር ይወጣል፤ ቀጥ ብሎ፣ አንዴ እንኳ ሳይታጠፍ። አብረውን የመጡ እንግዶች ጫፉ ላይ ደርሰው ቁልቁል እያዩ «እንዴት ያምራል!» አሉ። አንዱ ፎቶ አነሳ፤ ሌላው የእጅ ሰዓቱ የቆጠረለትን የአቀበት ሜትር ለጓደኛው አሳየ። እኔ ግን ዓይኔ መሬት ላይ ነበር። የመንገዱ መሃል ተቦርቡሮ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ቦይ ሆኗል። የባሕር ዛፉ ሥር ተገልጦ ወጥቷል። ታች ጅረቱ አፍ ላይ ክረምቱ ያወረደው አሸዋ አውድማ ላይ እንደተሰጣ እህል ተዘርግቷል። ይህን እያዩ «ያምራል» ሲሉ መስማት ያንገበግበኛል። ሠላሳ ዓመት በእነዚህ ጋራዎች ሮጫለሁ፣ መንገድም አውጥቻለሁ፤ ዝም ብዬ ብመለስ ያስተማሩኝን ሰዎች የካድኩ ይመስለኛል።

ስለ ጫማ አልጽፍም። ስለ ርቀትም፣ ስለሚያዝ ውሃም፣ ገና ሳይነጋ ስለ መውጣትም አልጽፍም፤ ይህን የማያውቅ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት እግሩ ይነግረዋል። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል መሆኑን እዚህ ያደገ ሰው በሳንባው ያውቀዋል። ማሳ የሚያቋርጥ መንገድ መንገድ አይደለም፤ በድንበሩ ዙሩ። እረኛ ጋ ስትደርሱ ቀስ በሉና ሰላም በሉ፤ ውሻው የሚሰማው እሱን ነው። ይህ ይበቃል።

የተራራ መንገድ ጥሩነት የሚለየው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ውሃው መንገዱን ይሻገራል ወይስ በመንገዱ ላይ ይወርዳል? የሚሻገረው ከሆነ ሌላው ጉድለት ሁሉ ይታረማል። በላዩ ላይ የሚወርድ ከሆነ ግን የቱንም ያህል ያማረ ዕይታ ቢኖረው፣ የቱንም ያህል ሰው ቢያጨበጭብለት፣ መጥፎ መንገድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀጥ ብሎ ቁልቁል የሚወርድ መንገድ ለውሃ የጎን መውጫ አይሰጠውም። የሯጩ ጫማ መጀመሪያ ሣሩን ይመልጠዋል፤ ሣሩ ሲሄድ አፈሩን የሚይዝ አይኖርም። በሐምሌ የመጀመሪያው ጎርፍ ጭቃውን ይወስዳል፣ በነሐሴ ጠጠሩ ይገለጣል። በሁለተኛው ዓመት መሃሉ ስለሚቦረቦር ሯጩ ወደ ዳር ይወጣል፤ ዳሩም ሲመለጥ ወደ ሌላው ዳር ይሻገራል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ የነበረው ፈለግ ሦስትና አራት ይሆናል፤ ጋራው በአውሬ የተቧጨረ ይመስላል። ባሕር ዛፍ ሥር ከሆነማ ይብሳል። ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ ስለማይበቅል ውሃውን የሚያዘገየው ነገር የለም፤ የረገፈው ቅጠል ደግሞ ጉድጓዱን ሸፍኖ ይጠብቃችኋል።

በበጋ የሄደ ሰው «ዝናብ በሌለበት እንዴት ልወቅ?» ይል ይሆናል። ምልክቱ ሞልቷል። በመጀመሪያ የመንገዱን መሃል ከዳሩ ጋር አስተያዩ፤ ዳሩ ከመሃሉ በሁለቱም በኩል ከፍ ካለ የቆማችሁት ቦይ ውስጥ ነው። ቀጥሎ ጠጠሩን እዩ፤ አፈር የሌለበት፣ ታጥቦ የጠራ ጠጠር ውሃ የሮጠበት ነው። የሣሩን ጫፍም እዩ፤ በመንገዱ አቅጣጫ ወደ ታች ከተኛ ያስተኛው ጎርፉ ነው። በመጨረሻ ወደ እግርጌው ውረዱና አሸዋ ፈልጉ። አሸዋው ከየት እንደመጣ መጠየቅ አያስፈልግም፤ የወረዳችሁበት መንገድ ነው።

አሁንም ካልታያችሁ ሃይላንዳችሁን ክፈቱና መንገዱ መሃል ላይ ግማሹን አፍስሱ። ውሃው በሦስትና በአራት እርምጃ ውስጥ ወደ ገደሉ ጎን ወጥቶ ሣር ውስጥ ከጠፋ መንገዱ ጤነኛ ነው። ከእናንተ ቀድሞ በመንገዱ ላይ ቁልቁል ከሄደ መንገዱን ያመለከታችሁበትን ችካል ነቅላችሁ ሂዱ።

ሕጉ አጭር ነው። የመንገዱ ተዳፋት ከጋራው ተዳፋት ግማሽ መብለጥ የለበትም። ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። የአንድ ሜትር ዱላ አንዱን ጫፍ መሬት አስነኩና ወደ ቁልቁለቱ አግድም ዘርጉት፤ ሌላኛው ጫፍ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ከራቀ ጋራው 40 በመቶ ነው፤ መንገዳችሁ ከ20 አይለፍ። ከዚያም በላይ በጠቅላላው ሲታይ በ10 በመቶ አካባቢ የሚወጣ መንገድ ዕድሜው ይረዝማል። የመንገዱን መደብ በትንሹ፣ ከመቶ አምስት ያህል፣ ወደ ገደሉ ጎን አዘንብሉት። በየመካከሉም መንገዱን ጥቂት እርምጃ ሽቅብ አድርጋችሁ መልሱት፤ ውሃ ሽቅብ ስለማይሄድ እዚያ ጋ ይወጣል። የልጆቹ መንገድ 400 ሜትሩን በ27 በመቶ ነው የወጣው። እያገደመ ቢሄድ ኖሮ ያንኑ 400 ሜትር በአራት ኪሎ ሜትር ይወጣው ነበር። ሯጩ የሚያጣው ነገር የለም፤ የሚጨመርለት ሩጫ ነው።

«ተራራ ፈተና ነው፤ ቀጥ ያለ አቀበት ጉልበት ይሠራል» ይሉኛል። ቀጥ ያለ አቀበት ከፈለጋችሁ ድንጋይ ላይ ፈልጉት። የጣርማ በር ጥቁር ድንጋይ ውሃ ቢወርድበት አይጎዳም፤ አፈር ግን ይጎዳል። ቁልቁለቱም ቢሆን ከ20 በመቶ ሲያልፍ ሰውነት ራሱን ለመግታት ብቻ ብዙ ጉልበት ይከፍላል፤ የጭኑ ጡንቻ እየተለጠጠ ነው የሚሠራው። በማግስቱ ደረጃ መውረድ ሲያቅታችሁ «ጠንካራ መንገድ ነበር» አትበሉ። መንገዱ በደንብ አልተሠራም።

ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም። የመጀመሪያው መምህሬ ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር በበቅሎ ጭነት ሲያመላልሱ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ያ አቀበት ጥንት የታጁራ ሲራራ ነጋዴ ጨው ጭኖ የወጣበት ነው። ልጅ ሆኜ እየሮጥኩ ስደርስባቸው «ና፣ ከኋላዋ ሁን» ይሉኝ ነበር። ልጓሟን ይለቁላታል። የተጫነችው በቅሎ ጋራውን ፊት ለፊት አትገጥመውም፤ ታገድማለች፣ ትዞራለች፣ እንደገና ታገድማለች፤ ኮቴዋም ሁልጊዜ የሚያርፈው ሣር ያለበት ጠርዝ ላይ ነው። «ባዶ በቅሎ አትመን ልጄ» አሉኝ አንድ ቀን፤ «ባዶዋን ስትሆን ታቋርጣለች። መንገድ የምታውቀው ሲከብዳት ነው።» ከዚያ ወዲህ አንድም መንገድ በትኩስ እግር መርምሬ አላውቅም። መንገድ የሚመረመረው ሃያ ኪሎ ሜትር ሮጦ በደከመ እግር ነው።

ሁለተኛው ያው የአገራችን ገበሬ ነው። ዘሩን ዘርቶ ሲጨርስ ማሳው ላይ በማረሻ ፈሰስ ሲያወጣ ቆማችሁ እዩት። ፈሰሱ በጣም ከቆለቆለ ማሳውን ይቆርጠዋል፤ በጣም ከተኛ ውሃው ሞልቶ ይፈሳል። ስለዚህ በሬዎቹን በሰያፍ ይነዳል፤ ማዕዘኑን የሚለካው በዓይኑና በእርፉ ክብደት ነው። ከማሳው አጠገብ የሩጫ መንገድ የሚያወጣ ሰው አቅጣጫ መጠቆሚያ ስልኩን ከማብራቱ በፊት ያንን ፈሰስ ቢያይ ግማሽ ሥራው አለቀለት።

ሦስተኛው እንጦጦ ላይ ያሰለጠኑን ጋሼ ናቸው። እኛ ክረምት ላይ ዝናቡ እስኪያባራ መኪና ውስጥ ተጠግተን ስንቀመጥ እሳቸው ጃንጥላ ዘርግተው፣ ቦቲ ተጫምተው ጫካው ውስጥ ይቆሙ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ሳይሆን ሲዘንብ። ውሃው በየት እንደሚሄድ እያዩ በዱላቸው ጫፍ መሬቱን ይጭራሉ። በማግስቱ በዚያ ጭረት ላይ በሰልፍ፣ አንዳችን የሌላውን ተረከዝ እያየን፣ ከዛፍ ዛፍ ወዲህና ወዲያ እያልን ስንወጣ ማንም አይንሸራተትም ነበር። ሌሎች «ምን ያጣምማችኋል?» እያሉ ቀጥ ብለው ያልፉን ነበር። እኛ ግን በመስከረም እዚያው መስመር ላይ ነን፤ እነሱ የወጡበት ቦረቦር ሆኖ ተዘግቷል።

የቦረቦር ዋጋ ምን እንደሆነ ያየሁት በባልንጀራዬ ነው። የተጎዳበት ውድድር በታወቁ ሰዎች የተዘጋጀ ነበር፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ቁልቁለት፣ መሃሉ በባሕር ዛፍ ቅጠል የተሸፈነ። እግሩ ቅጠሉን አልፎ ገባ። ድምፁን ከኋላው ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ቁርጭምጭሚቱ ዳነ፤ ቁልቁለት ላይ የነበረው ድፍረት ግን ከዚያ በኋላ አልተመለሰለትም። አዘጋጆቹ «ዕድል ነው» አሉ። ዕድል አልነበረም። ሦስት ክረምት ሙሉ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ ዓይን ያለው ሰው አንድ ጊዜ በእግሩ ቢሄድበት ያየው ነበር።

ጥሩው ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ መንዝ ጓሳ ይሂድ። ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ሕዝቡ ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ሣሩን ለዘመናት ሲጠብቅ የኖረበት ነው። የጓሳ ሣሩ ሥር አፈሩን ጨምድዶ ይዞታል፤ የእግር መንገዱ በሣሩ ጉብታዎች መካከል እየዞረ የአንድ ሰው ስፋት ብቻ ኖሮት ይሄዳል። ከዝናብ በኋላ ብትሄዱ ጫማችሁ ይረጥባል እንጂ አይሰጥምም። አበበ ቢቂላ የተወለደባት ጃቶም እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ ናት። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ስላሸነፈበት ባዶ እግር ሰው ሁሉ ያወራል። እኔ ስለዚያ እግር ሳስብ የሚመጣብኝ ልጅ ሆኖ የረገጠው የአገራችን ቀጭን መንገድ ነው። በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው የታጠበ ጠጠር ላይ አይወጣም፤ ሣሩ ያልተላጠበትን ጠርዝ ይፈልጋል። ጫማ ይህን አስረስቶናል።

ወደ ልጆቹ ልመለስ። እንግዶቹ ፎቷቸውን ሲጨርሱ ከልጆቹ የአንዱን ሃይላንድ ተቀብዬ መንገዱ ላይ አፈሰስኩ። ውሃው ጠጠሩን እየገፋ፣ አቧራ እየተሸከመ ወረደ። ሃያ እርምጃ ያህል ታች የቆመው ልጅ ጫማ ሥር ሲደርስ ሁሉም ዝም አለ። ሙገሳም ሆነ ወቀሳ አልጨመርኩም። ችካሉን ነቀልን፤ ከጅረቱ ጀምረን በዱላ እየለካን፣ ጋራውን እያገደምን ሌላ መስመር ያዝን። ዕይታው ከፊተኛው ያንሳል፤ ሁለት ቦታ ላይ ገደሉ ጨርሶ አይታይም።

ከሰዓት በኋላ ጫማው የረጠበው ልጅ ሳይነገረው ከተከልነው ችካል አጠገብ ቁጢጥ አለና የቀረችውን ውሃ ጠብ አደረጋት። አራት እርምጃ ሄዳ ወደ ጎን ታጠፈችና ሣሩ ውስጥ ገባች። ልጁ ባዶውን ሃይላንድ ኪሱ ከተተና ቀጣዩን ችካል ይዞ ወደ ላይ ወጣ።