ሂስና ሐሜት፦ ስለ ሩዋን ሊንግዩ

ስለ ድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ተዋንያን ሲጻፍ አንድ መጥፎ ልማድ አለ፤ ተዋናይቱ ሴት ስትሆን ደግሞ ይብሳል። ከማን ጋር ኖረች፣ ማን ከዳት፣ እንዴት ሞተች ተብሎ ገጹ ይሞላና ሥራዋ በመጨረሻ በሁለት መስመር ይታለፋል። የሻንጋይዋ ሩዋን ሊንግዩ የዚህ ልማድ ሰለባ ናት። እኛ ግን ከሥራዋ እንጀምር እንላለን።

እ.ኤ.አ. በ1934 ዉ ዮንግጋንግ ያዘጋጀውን «ሼን ኒዩ» የተባለ ፊልም እንውሰድ። ቃሉ በቻይንኛ ሴት አምላክ ማለት ሲሆን፣ በውስጠ ወይራ አነጋገር ደግሞ ሴተኛ አዳሪ ማለት ነው። ፊልሙ ሁለቱንም ትርጉም በአንዲት ስም የለሽ እናት ላይ ይጭናል። ይህች እናት ማታ ማታ ጎዳና እየወጣች ልጇን ታስተምራለች። አንድ ቀን ልጁ በትምህርት ቤቱ መድረክ ላይ ሲዘፍን የእናቱ ፊት በኩራት ይበራል። ወዲያው በወላጆቹ መካከል ሹክሹክታ ይነሳል፤ ካንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ይሄዳል። ፊልሙ ድምፅ የለውምና የሚባለውን አንሰማም። የሚንቀሳቀስ ከንፈር እናያለን፣ ከዚያ እሷን እናያለን፤ በቃ፣ ሁሉም ይገባናል። ልጁም በኋላ ከትምህርት ቤት ይባረራል።

አንዳንዶች «ድሃ ስለ ነበረች ነው እንዲህ የተጫወተችው» ይላሉ። እርግጥ ነው፣ በ1910 ስትወለድ ቤተሰቧ ድሃ ነበር፤ አባቷ በልጅነቷ ሞቶ እናቷ በሰው ቤት ሠራተኝነት ነው ያሳደገቻት። ግን ድህነት ብቻውን ተዋናይ አያደርግም፤ ቢያደርግማ ዓለም በተዋንያን በተጥለቀለቀች ነበር! ሩዋን በ1926 ገና በ16 ዓመቷ ፊልም ገብታ፣ እዚህ እስክትደርስ ስምንት ዓመት ካሜራ ፊት ሠርታለች። ችሎታዋ የሥራ ውጤት ነው።

በ1935 መጀመሪያ የጻይ ቹሼንግ «አዲሶቹ ሴቶች» ታየ። ታሪኩ የተመሠረተው ባለፈው ዓመት ራሷን ባጠፋችው ተዋናይትና ጸሐፊ በአይ ሺያ ሕይወት ላይ ሲሆን፣ የጋዜጠኞችን ስም ማጥፋት ያጋልጣል። ጋዜጠኞቹ ተቆጡ፤ ኩባንያው ትዕይንቶች እንዲቆርጥ አስገደዱት። ቀጥለውም ፊታቸውን ወደ ሩዋን አዞሩ። የቀድሞ ወዳጇ ክስ መሥርቶባት ነበርና ጓዳዋን አደባባይ አወጡት። መጋቢት ወር በገባ በ8ኛው ቀን፣ በዓለም የሴቶች ቀን፣ በ24 ዓመቷ ሕይወቷን በገዛ እጇ አጠፋች። ታላቁ ደራሲ ሉ ሹን በዚያው ዓመት ብዕሩን አንስቶ ጋዜጦቹን ወቀሰ።

ታዲያ ሂስ ከሐሜት የሚለየው በምንድን ነው? ሐሜት ሥራውን ትቶ ሴቲቱን ያሳድዳል፤ ዛሬም አሟሟቷን ብቻ የሚተርክ ጽሑፍ፣ በሐዘን ቃል ቢሸፈንም፣ የነዚያን ጋዜጦች ሥራ ነው የሚቀጥለው። ፊልሟን ያላየ ሰው ስለ ሞቷ ባያወራ እንወዳለን። ያየ ደግሞ መጀመሪያ ስለዚያ ፊት ይንገረን።