«ጥናት አልተሠራም» ከማለት በፊት

ከከሚሴ፣ ከባቲ ወይም ከሰንበቴ መጥተው በማኔጅመንት፣ በአካውንቲንግ ወይም በማርኬቲንግ ማስተርሳቸውን የሚሠሩ ተማሪዎች ፕሮፖዛል ሲያሳዩኝ አንድ ዓረፍተ ነገር አይጠፋበትም፤ «በርዕሱ ላይ በዚህ አካባቢ የተሠራ ጥናት የለም»። ሥራዬ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተማሪዎችን በኦንላይን ፍለጋ ማገዝ ነውና «የት ፈልጋችሁ?» እላለሁ። ብዙዎቹ ጎግል ይላሉ። የተቀሩት ኤብስኮ ወይም ኤመራልድ በሚባሉት የጆርናል ዳታቤዞች ውስጥ ገብተው፣ የከተማቸውን ስም ጽፈው፣ ዜሮ አይተው ወጥተዋል።

ዜሮው አይገርመኝም። ቢዝነስ ሶርስ የሚባለው የኤብስኮ ዳታቤዝ ሀርቫርድ ቢዝነስ ሪቪውን ከአውሮፓውያኑ 1922 ጀምሮ ይዟል፤ የኩባንያ መገለጫና የአገር ሪፖርትም አለው። ኩባንያ እዚያ የሚገባው ግን አብዛኛውን ጊዜ አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥና ሒሳቡን ለሕዝብ የሚያወጣ ሲሆን ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ የተከፈተው ገና በጥር 2017 ነው። ሰኞ ሰኞ ባቲ ላይ ግመል የሚያሻሽጥ ደላላማ ዓመታዊ ሪፖርት አያወጣ! ስለዚህ ከእንዲህ ዓይነቱ ዳታቤዝ የሚጠየቀው የከሚሴ መረጃ አይደለም። ተመሳሳይ ጉዳይ የገጠማቸው ሌሎች በየትኛው ጽንሰ ሐሳብ፣ በምን መለኪያ አጠኑት? ጥያቄው እሱ ነው።

በአንድ ርዕስ ላሳይ። ከወለድ ነጻ የባንክ አገልግሎት ሙስሊሙ ለሚበዛበት ለከሚሴ አካባቢ የተሰፋ የሚመስል ርዕስ ነው፤ በየዓመቱ የሚመርጠው ተማሪ አይጠፋም። ባንክ እየሠራ የሚማር አንድ ወጣት ቁጭ ብሎ ሲበሳጭ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ምንም የለም እኮ።»

«ምን ብለህ ጠየቅኸው?»

«ኢንተረስት ፍሪ ባንኪንግ ኢን ከሚሴ።»

ኢንተረስት ፍሪ የሚለው የብሔራዊ ባንካችን መጠሪያ ነው፤ በአውሮፓውያኑ 2011 የወጣው መመሪያም የተጠቀመው እሱን ነው። የዓለም ጆርናሎች ግን ጉዳዩን በብዛት የሚያስቀምጡት «ኢስላሚክ ባንኪንግ» እና «ኢስላሚክ ፋይናንስ» በሚሉት ሥር ነው። ከሚሴን አወጣን። ሦስቱን ስያሜዎች እያንዳንዳቸውን በትእምርተ ጥቅስ አስገብተን፣ በመካከላቸው «ኦር» ጨምረን፣ በቅንፍ አሰርናቸው። ከዚያ በ«ኤንድ» የደንበኛ ግንዛቤንና ተቀባይነትን የሚገልጹ ቃላት አስከተልን፤ የቃሉን ሥር ብቻ ጽፎ ኮከብ ምልክት ማስከተል ልዩ ልዩ ቅጥያዎቹን ያመጣል። ባዶ የነበረው ገጽ በአንድ ጊዜ ሞላ። ወጣቱ ፈገግ አለ፤ ዋናው ሥራ የሚጀምረው ግን እዚህ ነው።

ያ ሁሉ ጽሑፍ አይነበብማ። ብዙዎች ወዲያው ያለፉትን አምስት ዓመታት ብቻ እንዲያመጣ ያዙታል፤ እኔ መጀመሪያ ይህን አላደርግም፤ መሠረታዊ ጥናቶቹ ከዚያ በፊት ሊሆኑ ይችላሉ። መጀመሪያ ፍለጋውን በርዕስና በአብስትራክት እወስናለሁ። ከዚያ አንድ ጥሩ ጽሑፍ ከፍቼ ከሥሩ የተዘረዘሩትን የርዕሰ ጉዳይ ቃላት አያለሁ፤ ዳታቤዙ ራሱ ጉዳዩን ምን ብሎ እንደሚጠራው የሚነግሩኝ እነሱ ናቸው። ከዚያ ማነጻጸሪያ አገር መምረጥ ይመጣል። ተማሪው ያገኘው በብዛት የማሌዥያና የፓኪስታን ጥናት ነው። ማሌዥያ ባንክ ኢስላምን ያቋቋመችው በአውሮፓውያኑ 1983 ነው፤ ደንበኞቿ ከአገልግሎቱ ጋር ከኖሩ ዘመን አልፏል። ለእኛ የምትቀርበን ኬንያ ናት፤ በአውሮፓውያኑ 2008 የመጀመሪያዎቹ ኢስላማዊ ባንኮች የተከፈቱባት፣ ሙስሊሙ በቁጥር አናሳ የሆነባት አገር። ከወለድ ነጻው ጃኢዝ ባንክ በአውሮፓውያኑ 2012 ሥራ የጀመረባት ናይጄሪያም ትጠቅማለች። በአገራችን የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ የጀመረው በእኛ አቆጣጠር በሰኔ 2013 ነውና «ሰዎች አዲሱን አገልግሎት ለምን ይቀበላሉ?» የሚለው ጥያቄ ከማሌዥያ ይልቅ ከእነዚህ ጋር ይነጋገራል። ይህን ምርጫ ማሽኑ አያደርግልንም።

አካባቢው መግባት ያለበት ከዚህ በኋላ ነው፤ ቦታውም የመመረቂያ ጽሑፎች ክምችት ነው። የአዲስ አበባና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች፣ እንዲሁም የቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎቻቸውን ጽሑፎች በኦንላይን ያኖራሉ። እዚህም ስም ያስቸግራል። ከሚሴን በላቲን ፊደል አንዱ በአንድ ኤስ፣ ሌላው በሁለት ኤስ ይጽፋታል፤ በቁቤ ሲጻፍ ደግሞ ሌላ መልክ ትይዛለች። ከሚሴ ያለችበት የአማራ ክልል ዞን ስም ይብሳል፤ አንዱ ኦሮሚያ ዞን፣ አንዱ ልዩ ዞን፣ አንዱ የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ይላል። «ኦሮሚያ» ብሎ የጻፈ ሰው የኦሮሚያ ክልል ጥናት ያጥለቀልቀዋል። ስለዚህ እኔ በወረዳ ስም እፈልጋለሁ፤ ባቲ፣ ዳዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋ፣ ደዌ ሐረዋ።

የዘመን አቆጣጠሩም ያሳስታል። በእኛ አዋጅ ቁጥር 592/2000 የሚባለው የባንክ ሥራ አዋጅ (አሁን በአዲስ ተተክቷል) በእንግሊዝኛ ጽሑፍ 592/2008 ነው። ሁለት የተለያዩ አዋጆች አድርጎ የጠቀሰ መመረቂያ ጽሑፍ በእጄ ገብቷል።

ሌላው ጣጣ ርዕሱ ቢዝነስ ሆኖ መረጃው ሌላ ቤት መገኘቱ ነው። ማሾ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መገበያየት የጀመረው በ2006 ነው፤ ስለ ማሾ ንግድ የሚያጠና የማርኬቲንግ ተማሪ ግን ቢዝነስ ዳታቤዝ ላይ ሲደክም ይውላል። አጎራ በሚባለው የግብርና ጽሑፎች ክምችት ይሞክር። አጎራ በአውሮፓውያኑ 2002 በጤና መረጃ የተጀመረው የሪሰርች ፎር ላይፍ ፕሮግራም አካል ነው፤ የኢትዮጵያ ተቋማት ተመዝግበው ያለ ክፍያ ይጠቀሙበታል። ለባቲና ለሰንበቴ የከብት ገበያ ደግሞ መቀመጫዎቹ አዲስ አበባና ናይሮቢ የሆኑት የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጽሑፎች አሉ፤ ለማንም ክፍት ናቸው።

ይህን ሁሉ ለመፈለግ የኢንተርኔት መስመር ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲው የገዛው ዳታቤዝ ከግቢው ኔትወርክ ሲገቡ ራሱ ያውቃል፤ ከግቢ ውጭ ግን ቤተ መጻሕፍቱ የሚሰጠው ፓስዎርድ የግድ ነው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ከሚሴ ተቀምጦ መፈለግ የሚባል ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼን ወረቀት ላይ መፈለግ አስለምዳቸዋለሁ። ቃላቱን በሦስት ዓምድ ጽፈው፣ አቻዎቻቸውን ከሥር አሰልፈው፣ የሚሞክሩትን ዳታቤዝ በቅደም ተከተል አስቀምጠው ይመጣሉ። መስመር ባለበት ሰዓት ማሰብ አይኖርም፤ ማውረድ ብቻ ነው። ኢንተርኔቱ ሲመለስም ልማዱን አላስተውኳቸውም፤ ፍለጋቸው ከፊቱ ይልቅ ጠርቷል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንዳንድ ጊዜ እውነትም የተሠራ ጥናት አይገኝም። ያኔ ዓረፍተ ነገሩ ይጻፍ። ግን የትኛው ዳታቤዝ፣ በምን ቃላት፣ በየትኛው ቀን እንደተፈለገ አብሮ ይግባ፤ ፈታኙም ይህን ሳያይ አይለፈው። እናንተም ስትመረቁ የጽሑፋችሁን ሶፍት ኮፒ ለዩኒቨርሲቲያችሁ ክምችት አስረክቡ፤ አብስትራክቱ ውስጥ የወረዳውን ስም፣ ቁልፍ ቃላቱ ውስጥ ደግሞ የከሚሴን አጻጻፎች በሙሉ አስገቡ። ከእናንተ ቀጥሎ የሚፈልገው ተማሪ ዜሮ እንዳያይ አሁን በእጃችሁ ያለው መንገድ ይህ ነው።